መሣሪያ ያልያዘው ሻምበል

የሩዋንዳው ፕሬዚዳንት አውሮፕላን ተመትቶ በወደቀ ማግስት፣ መጋቢት 29 ቀን 1986 ዓ.ም. ጠዋት፣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ አጋት ኡዊሊንጊይማና ኪጋሊ ውስጥ ተገደሉ። እሳቸውን እንዲጠብቁ የተላኩ 10 የቤልጂየም ሰላም አስከባሪዎችም የዚያን ቀን አልተረፉም። የጠቅላይ ሚኒስትሯ ልጆች ግን አጠገብ ባለ ግቢ ተደብቀው ነበር። አንድ ሴኔጋላዊ መኮንን ደርሶ መኪናው ውስጥ አስተኛቸው፤ ብርድ ልብስ አልብሶ ሚል ኮሊን ሆቴል አደረሳቸው። ሻምበል ምባዬ ዲያኝ ይባላል።

ምባዬ የተባበሩት መንግሥታት ወታደራዊ ታዛቢ ነበር። ታዛቢ መሣሪያ አይታጠቅም፤ ሥራው አይቶ ሪፖርት ማድረግ ነው። ሲቪሎችን ከሞት አውጥቶ መሸሸግ አልተፈቀደለትም። እሱ ግን ትእዛዙን ጣሰ፤ የሰላም አስከባሪው ኃይል አዛዥ ጄኔራል ሮሜዮ ዳሌርም እያወቁ ዝም አሉት።

የዘር ጭፍጨፋው ተጀምሯል፤ በከተማዋ መንገዶች ሁሉ ገጀራ የያዙ ሚሊሻዎች ኬላ አቁመዋል። ምባዬ በአንድ ጉዞ መጫን የሚችለው ከሦስት እስከ አምስት ሰው ብቻ ነው። በየኬላው ይቆማል፤ ሲጋራ ያድላል፣ ይቀልዳል፣ ያስቃቸዋል፣ ያልፋል። ሰዎቹን አድርሶ በዚያው መንገድ ሌሎችን ሊያመጣ ይመለሳል። አንድ ቀን በስሜት መድፈር ይቻል ይሆናል። የትናንቱን ኬላና የትናንቱን ገዳይ ፊት ለይተው እያወቁ ዛሬም መሄድ፣ ነገም መሄድ፣ ይኼ ከየት የሚመጣ ልብ ነው? ስንት ሰው እንዳተረፈ በትክክል የቆጠረ የለም፤ በመቶዎች እንደሚቆጠሩ ግን አብረውት የነበሩት ይመሰክራሉ።

የጸጥታው ምክር ቤት በበኩሉ ሚያዝያ 13 ቀን ወደ 2,500 ይጠጋ የነበረው ኃይል ወደ 270 እንዲቀንስ ወሰነ። ግድያው በተፋፋመበት ሰዓት! ምባዬ ከቀሩት ጋር ቀረ። ኃይሉ ዳግም የተጠናከረው እሱ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያኔ ከገቡት አንዱ የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር ነበር።

ግንቦት 23 ቀን ለዳሌር መልእክት ይዞ ሲመለስ ኬላ ላይ ቆሞ ሳለ ከመኪናው ኋላ የሞርታር ጥይት ወደቀ። ፍንጣሪው ጭንቅላቱን መታው፤ ወዲያው ሞተ። 36 ዓመቱ ነበር፤ ባለቤቱና ሁለት ትንንሽ ልጆቹ ወዳሉበት ለመመለስ የቀሩት 12 ቀናት ብቻ ነበሩ። ጓዶቹ አስከሬኑን የሚይዙበት ከረጢት እንኳ አጥተው ከሸራ ሠሩለት።

በየዓመቱ ግንቦት 21 የሰላም አስከባሪዎች ቀን ሲከበር በግዳጅ ላይ የሞቱት ከ4,000 በላይ መሆናቸው ይነገራል። ከእነዚህ መካከል ለዚህ ሰው የሚገባው ክብር እጅግ ዘግይቷል፤ ያንገበግባል። የጸጥታው ምክር ቤት የልዩ ጀግንነት ሜዳሊያ በስሙ የሰየመው ከ20 ዓመት በኋላ በ2006 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቤተሰቡ የተረከበው በ2008 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ የተሸለመው ማላዊያዊው ወታደር ቻንሲ ቺቴቴ ነው። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በምሥራቅ ኮንጎ ውጊያ መሐል የቆሰለ ታንዛኒያዊ ጓዱን ሊያወጣ ሲል ወደቀ፤ ታንዛኒያዊው ተረፈ።