የሕዝብ ቴሌቪዥን መለያ፦ ጌጥ ወይስ ቃል ኪዳን?



የሚሸጥ ሸቀጥ ያለው ነጋዴ በሱቁ ደጃፍ ምልክት ቢሰቅል አያስገርምም። ተመልካቹ የፈቃድ ክፍያ እየከፈለ የሚያኖረው፣ በአገሩ ውስጥም ማስታወቂያ የማያስተላልፈው ቢቢሲ ግን መለያ ለምን አስፈለገው? የዛሬው ንግግሬ ይህን ጥያቄ በብሪታንያ ታሪክ ውስጥ ይመረምራል። ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ቢቢሲ መደበኛ የቴሌቪዥን ሥርጭት የጀመረው በ1936 ነው። ለረጅም ጊዜ ያለ ተወዳዳሪ ስለ ቆየ ተመልካቹ «ይህ የማን ጣቢያ ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አልነበረውም። የመጀመሪያው ተንቀሳቃሽ መለያ የታየው ዲሴምበር 2 ቀን 1953 ነበር። ንድፉን ያወጣው በጦርነቱ ዘመን ፖስተሮቹ የታወቀው አብራም ጌምስ ሲሆን፣ ቅርጹ «የሌሊት ወፍ ክንፍ» የሚል ቅጽል አትርፏል። በዚያው ወቅት መንግሥት የንግድ ቴሌቪዥንን ለመፍቀድ እየተዘጋጀ ነበር፤ ሕጉ በ1954 ወጣ፣ አይቲቪም በ1955 ሥርጭት ጀመረ። ይህን መገጣጠም እኔ እንደ አጋጣሚ ብቻ አላየውም። ምርጫ ሲመጣ የሕዝብ ጣቢያም ማንነቱን መናገር ነበረበት።

በ1963 የምትሽከረከረው የምድር ሉል ተተካች። በመጀመሪያ በካሜራ ፊት በሞተር የምትዞር ሞዴል ነበረች፤ በ1969 ከቀለም ሥርጭት ጋር ታደሰች፤ በ1985 በኮምፒዩተር ተሠራች። ስልቱ ተለዋወጠ እንጂ «ዓለምን ወደ ቤታችሁ እናመጣለን» የሚለው መልእክት አልተለወጠም።

ቻናል 4 በ1982 ሲቋቋም ደግሞ ሌላ ዓይነት ቃል ገባ። ጣቢያው ብዙ ፕሮግራሞችን ከገለልተኛ አዘጋጆች የሚወስድ ነበር። ማርቲን ላምቢ-ኔርን በነደፈው መለያ፣ ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ቁርጥራጮች በአየር ላይ ተንሳፍፈው 4 ቁጥርን ይሠሩ ነበር። የድርጅቱ አወቃቀር በሥዕል ተነገረ ማለት ይቻላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የ1991 የቢቢሲ 2 ታሪክ ነው። ተመልካቾች ጣቢያውን ደረቅና ለልሂቃን ብቻ የቆመ አድርገው ያዩት ነበር። በላምቢ-ኔርን መሪነት 2 ቁጥር ራሷ ተዋናይ ሆነች፤ በአንዱ መለያ ቀለም ሲረጭባት፣ በሌላው እንደ ስለት ወለሉ ላይ ስትተከል ታየች። በኋላ በተደረገ የተመልካቾች ጥናት ብዙዎች ጣቢያው እንደ ታደሰ ተሰማቸው፤ ፕሮግራሞቹ ግን በመሠረቱ የቀድሞዎቹ ነበሩ።

የንድፍ ባለሙያዎች ይህን እንደ ታላቅ ድል ያነሡታል። ድል መሆኑን አልክድም። ነገር ግን መለያ የተመልካቹን ስሜት ያለ ፕሮግራም ለውጥ መለወጥ ከቻለ፣ የሕዝብ ጣቢያ ሥራውን ሳያሻሽል የተሻሻለ ሊመስል ይችላል ማለት ነው። ቃል ኪዳን የገባውን ወገን ያስጠይቃል፤ ጌጥ ግን ማንንም አያስጠይቅም።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመሠረተው በ1964፣ ማለትም ቢቢሲ 2 በተከፈተበት ዓመት ነው። ከእናንተ መካከል የእኛን ጣቢያ መለያዎች ለማጥናት የሚነሣ ተማሪ ቢኖር፣ «ውብ ነውን?» ከማለቱ በፊት «ምን ቃል ገብቶ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ ከዚያም መለያውን ከዚያው ዘመን የፕሮግራም ዝርዝር ጎን አስቀምጦ ያመሳክር።