ትእዛዙ ሲቋረጥ የሚቆም ተሳቢ

በአዲስ አበባና በደሴ መንገድ ላይ ሙያውን የለመደ መካኒክ ተሳቢን የሚያውቀው በአየር ፍሬኑ ነው። ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ቱቦው ቢበጠስ፣ አየሩ ሲያልቅ የተሳቢው ፍሬን ራሱ ጨምድዶ ይይዛል፤ ሹፌሩ መንገድ ዳር ቆሞ ይናደዳል እንጂ ገደል አይገባም። ዴንቨር መጥቼ ካምፐር፣ ማለትም ተጎታች ቤት፣ በፒክአፕ የሚጎትቱ ሰዎችን መኪና መሥራት ስጀምር ነገሩ ተገልብጦ ጠበቀኝ። እዚህ የካምፐሩ ፍሬን የሚሠራው በኤሌክትሪክ ነው፤ ካምፐሩ ተላቅቆ ሽቦው ከተበጠሰ ፍሬን የለም። የዚህ ሥራ ታሪክ እንደ እኔ አስተያየት ይህችን ቀዳዳ የመድፈን ታሪክ ነው።

አርተር ዋርነር ስሙን ያስጠራው በመኪና የፍጥነት መለኪያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 በዊስኮንሲን ግዛት፣ ቢሎይት ከተማ የኤሌክትሪክ ፍሬን ኩባንያ አቋቋመ። አሠራሩ እስከ ዛሬ እምብዛም አልተለወጠም። ታምቡሩ ውስጥ በክንድ ጫፍ የተሰካ ማግኔት አለ። ኤሌክትሪክ ሲደርሰው በሚዞረው ታምቡር ገጽ ላይ ይለጠፋል፤ ታምቡሩ ይዞት ሊሄድ ሲል ክንዱ ይጠመዘዛል፤ ክንዱም ሸራዎቹን ገፍቶ ከታምቡሩ ጋር ያጣብቃቸዋል። ጉልበቱ የጎማው ነው፤ በሽቦው የሚመጣው ትእዛዝ ነው።

በ1930ዎቹ አሜሪካውያን ቤታቸውን እየጎተቱ መዞር ሲወዱ ይህ ፍሬን ጥሩ ገበያ አገኘ። የቤት መኪና የአየር ኮምፕረሰር የለውም፤ የዘይት ፍሬኑን ከተሳቢው ጋር ማገናኘት ደግሞ አንድ ቦታ ቢያፈስ ሁለቱንም ፍሬን አልባ ማድረግ ነው። ሽቦ ግን ተሰክቶ ይነቀላል። ካምፐር ከዚያ በኋላ ሩቅ ሄደ፤ በ1959 የካምፐር አምራቹ ዋሊ ባያም ኤርስትሪም የተባሉ 41 ካምፐሮቹን አሰልፎ ከኬፕታውን ወደ ካይሮ ሲጓዝ በኢትዮጵያ በኩል አልፏል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ተቀብለውታል።

ትእዛዙን ማን ይስጥ የሚለው ጥያቄ ብዙ ዘመን ወሰደ። የቀድሞው መቆጣጠሪያ ከመኪናው የፍሬን ዘይት መስመር ተጠልፎ በግፊቱ ልክ ኤሌክትሪክ ይለቅ ነበር። መኪኖች ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከል ፍሬን (ኤ.ቢ.ኤስ.) ይዘው ሲወጡ ዘይቱን መንካት ቀረ። ቀጥሎ የመጣው የፍሬን መብራቱን አይቶ ኃይሉን ቀስ በቀስ የሚጨምረው ነው፤ ከዚያም መኪናው ፍጥነት ሲቀንስ የመቀነሱን መጠን የሚለካው መጣ። ፎርድ ደግሞ በ2005 ሞዴል ሱፐር ዱቲ መቆጣጠሪያውን ከፋብሪካ ገጥሞ አወጣ።

ይህ ሁሉ ዘመናዊነት ግን በቀጭን ሽቦ ከንቱ ይሆናል። በ12 ቮልት አንድ ማግኔት 3 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ ባለሁለት አክሰል ካምፐር አራት ማግኔት ስላለው 12 አምፔር ይፈልጋል። ባለሰባት ቀዳዳው ሶኬት ላይ ሰማያዊው የፍሬን፣ ነጩ የነጋቲቭ ነው። ደንበኛ «ፍሬኑ ሰነፈ» ብሎ ሲመጣ መቆጣጠሪያውን ከመንካቴ በፊት አምፔር መለኪያዬን ሰማያዊው ላይ በመሐል አስገባለሁ። 12 መሆን ሲገባው 7 ካሳየኝ፣ ብዙ ጊዜ ጥፋቱን ዝገት በበላው የነጩ ሽቦ ማሰሪያ ላይ አገኘዋለሁ።

ቀዳዳዋን የደፈነው ግን ከሁሉም ርካሹ ዕቃ ነው። ካምፐሩ ከጋንቾው ቢላቀቅ ከመኪናው ጋር የታሰረች ገመድ አንዲት ፒን ትነቅላለች፤ ያኔ ካምፐሩ ላይ ያለው ባትሪ ማግኔቶቹን ይመግባል። የፌዴራሉ ደንብ ለንግድ ተሽከርካሪዎች ፍሬኑ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ይዞ እንዲቆይ ያዛል። በአየር ፍሬን ቱቦው ሲበጠስ በነፃ የሚገኘው ነገር እዚህ በባትሪ ተገዛ ማለት ነው። ውድ መቆጣጠሪያ የሚያስገጥመኝ ሰው ያችን ባትሪ ለዓመታት ሳያያት ይከርማል። ስለዚህ ሥራ ጨርሼ ሒሳብ ከመቀበሌ በፊት ፒኗን ነቅዬ በፒክአፑ እጎትታለሁ፤ ጎማዎቹ ከዞሩ አዲስ ባትሪ ሳይገባ ቁልፉን አላስረክብም።