ራጅ፣ ሬንትጌን፣ ኤክስሬይ

ከኮለምበስ መሐል ከተማ በስተደቡብ ሪከንባከር የሚባል የጭነት አውሮፕላን ማረፊያ አለ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1890 እዚሁ ኮለምበስ ከተወለደው የአንደኛው የዓለም ጦርነት አብራሪ ከኤዲ ሪከንባከር ነው። የቤተሰቡ ስም በጀርመንኛ በ«ኸ» ድምፅ የሚነገር ነበር። ጦርነቱ ሲፋፋም ሰውየው ጀርመናዊ እንዳይመስል አንዲት ፊደል ለውጦ «ከ» አደረገው። አነባበብ ዋጋ እንደሚያስከፍል ያውቅ ነበር።

በሪከንባከር ዙሪያ ባሉት መጋዘኖች ወገኖቻችን ይሠራሉ። ከእነርሱ አንዷ የሆኑ እናት ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳል ጠንቶባቸው ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። «አገር ቤት ሳለሁ ደረቴን ራጅ ተነሥቻለሁ፤ የቆየ ጠባሳ ነው ብለውኛል» ይላሉ። በስልክ የምታስተረጉመው እዚህ ያደገች ልጅ ግን ራጅን የሕንድ ሐኪም ስም አደረገችው። አዲሱ ፊልም ሳንባቸው ላይ ጥላ ሲያሳይ፣ ለማነጻጸር አሮጌውን የጠየቃቸው አልነበረም። ካንሰር ይሆናል ተብሎ ለሳምንታት እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ በነጠላ የተጠቀለለውን አሮጌ ፊልም ይዘው እኔ ዘንድ መጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን አየኋቸው፤ ጠባሳው ያው ነበር።

ልጅቱን አልወቀስኋትም። ጀርመናዊው ሮንትገን እ.ኤ.አ. በ1895 ያገኘውን ጨረር፣ ምንነቱ ስላልታወቀ፣ በሒሳብ ያልታወቀው መጠን በሚጠራበት ፊደል «ኤክስ» አለው። ጀርመኖችና ሩስያውያን በሰውየው ስም ይጠሩታል። ጣሊያኖች ጨረሮችን «ራጂ» ይላሉ፤ የእኛ ራጅ ከዚያ የመጣ ነው።

እኔ ሕክምና የተማርሁት በሩስያ ነው። ሩስያኛ ለ«ሀ» ድምፅ ፊደል ስለሌለው በብዙ የቆዩ የባዕድ ቃላት «ገ»ን ይተካል፤ ሆርሞን «ጎርሞን»፣ ሄሞግሎቢን «ጌሞግሎቢን»፣ ሂፖክራተስም «ጊፖክራት» ይሆናል። አሜሪካ ስገባ ባልደረቦቼ ፈገግ ሲሉ እውቀቴ የጎደለ መስሎኝ በስብሰባ ላይ ዝም ማለትን መረጥሁ። ዝምታዬ ለሕመምተኞቼ እንዳልበጀ የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

የላቲን ፊደል እንዲህ ያለውን ልዩነት ይሸፍናል፤ አንዱን ጽሑፍ ሁሉም እንደየልማዱ ያነበዋል። የእኛ ፊደል ግን ከነአናባቢው ስለሚጻፍ፣ ቃሉን የጻፈ ሰው አነባበቡንም መርጧል። «ቫይታሚን» የሚል የእንግሊዝኛውን መንገድ፣ «ቪታሚን» የሚል የሌላውን አውሮፓ መንገድ ይመሰክራል። «ሜትር» ስንልም የምንከተለው ፈረንሳዮችን እንጂ እንግሊዞችን አይደለም። «ቨ» ራሷ ለእንግዳ ቃላት ስንል ከ«በ» ላይ ቀጥለን የሠራናት ፊደል ናት።

በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ለእንግሊዝኛ ቃላት የአማርኛ አቻ በማቅረብ ውለታ ውሎልናል። ሕመምተኛ ግን መዝገበ ቃላት ይዞ አይመጣም፤ አፉ የለመደውን ይዞ ይመጣል።

ትክክለኛው አነባበብ የቱ ነው ለሚሉኝ ወጣት አስተርጓሚዎች መልሴ አጭር ነው። ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገሩ ኤክስሬይ ይበሉ። እናቶቻችን ፊት ሲቀመጡ ግን «ራጅ ተነሥተው ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀጥለውም ፊልሙ የት እንዳለ።