በሰሜን መንገድ የሄዱ ሰላዮች

ከደሴ የሚነሳው አውራ ጎዳና ሐይቅን፣ ውጫሌንና ውርጌሳን አልፎ የሀብሩዋ መርሳ ይደርሳል። ሲሪንቃን አቋርጦ ወልድያ ይገባል፤ ከዚያም በቆቦና በአላማጣ አድርጎ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። ድሮ ማብቂያው አስመራ ነበር። የአማርኛ ልብ አንጠልጣይ መጻሕፍት ነገር ሲነሳ እኔ ሁልጊዜ ይህ መንገድ ነው የሚታየኝ።

ኮረም ላይ ወደ ምዕራብ የተገነጠለ ሰው ዋግ ይደርሳል። ደራሲ ማሞ ውድነህ በ1923 ዓ.ም. የተወለዱት እዚያ ነው። ዋግ፣ ወልድያና መርሳ እንዳሉበት እንደ የጁ ሁሉ፣ የወሎ አውራጃ ነበርና ወልድያም ሆነ መርሳ ላይ «የእኛ ሰው» ብንላቸው አላበዛንም። ታሪክ ጽፈዋል፣ ተውኔት ጽፈዋል፤ አንባቢ ግን አጥብቆ የሚያስታውሳቸው በስለላ መጻሕፍታቸው ነው። «ሰላዩ ሬሳ»፣ «የኛው ሰው በደማስቆ»፤ ርዕሶቹ ራሳቸው እጅ ይይዛሉ።

የደማስቆው ሰው ኤሊ ኮኸን ነው። እስክንድርያ የተወለደ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ካሜል አሚን ሳቤት የሚባል ሶርያዊ ነጋዴ መስሎ መጀመሪያ አርጀንቲና ሄደ፤ እዚያ ከሶርያ ስደተኞች ጋር ተወዳጅቶ በ1954 ዓ.ም. ደማስቆ ገባ። ባለሥልጣናትን ቤቱ እየጋበዘ የሰማውን በሬዲዮ ወደ እስራኤል ያስተላልፍ ነበር። ያጋለጠው ያው ሬዲዮ ነው። ግንቦት 1957 ዓ.ም. ደማስቆ አደባባይ ላይ ተሰቀለ።

ፍጻሜው አስቀድሞ በዓለም ጋዜጦች የወጣ ነው። እንደሚሰቀል እያወቅን ግን ገጽ እንገልጣለን፤ የዛሬው ግብዣ ይሆን የሚያስይዘው፣ የነገው መልእክት? ገዳዩን እስከ መጨረሻው ደብቆ ከሚያቆይ ታሪክ ይልቅ ይህ ይከብዳል ባይ ነኝ። ማሞ ያን ጭንቀት የአማርኛ ጭንቀት አድርገውልናል። ሥራቸው «ትርጉም ነው» ተብሎ ከልብ ወለዳችን ታሪክ ዳር እንዲቆም መደረጉ ስለዚህ አይዋጥልኝም። አንድ ትውልድ ምስጢር ተከትሎ ማንበብን የለመደው ከእነዚህ መጻሕፍት ነው። እኔ ራሴ ወልድያ በኪራይ ያገኘሁት አንዱ፣ ከእጅ እጅ ሲዞር የመጨረሻ ቅጠሎቹ ወልቀው ስለነበር፣ ቀድሞ ያነበበውን ልጅ ሰፈር ለሰፈር ፈልጌ ነው መጨረሻውን ያስነገርኩት።

የመንገዱ ማብቂያ አስመራ ደግሞ የበዓሉ ግርማ ናት። በ1974 ዓ.ም. ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ወደዚያ ሄዶ ያየውን «ኦሮማይ» በተባለው ልብ ወለዱ ጻፈው፤ ኩራዝ አሳታሚ በ1975 ዓ.ም. አወጣው። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም፣ አስመራዊቷ ፊያሜታ ጊላይ፣ የሚታደነው ሰላይ ስዕላይ በራኺ፤ የስለላ ልብ ወለድ የሚፈልገው ሁሉ አለው፤ ግን ከውጭ የተቀዳ አልነበረም። ጦርነቱ የራሳችን፣ ሹማምንቱም በሕይወት ያሉና ራሳቸውን ገጹ ላይ የሚያውቁ ነበሩ። መጽሐፉ ገና ገበያ ላይ ሳይቆይ ተሰበሰበ፤ በዓሉም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ሥራው ተባረረ። የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ተነበቡ።

በእኔ ግምት ማሞን ሳንሱር ያሳለፋቸው የሰላዮቻቸው አገር ሩቅ መሆኑ ነው። ደማስቆ ላይ የሚሰቀል ሰው አዲስ አበባ ያለ ባለሥልጣን እንቅልፍ አይነሳም። በዓሉ ርቀቱን አነሳው፤ ለዚህም ነው «ኦሮማይ»ን ያለ ማሞ አንባቢዎች ማሰብ የሚቸግረኝ። ልብ መንጠልጠልን የለመደ አንባቢ ይጠብቀው ነበር።

ማሞ ዕድሜ ጠግበው በ2004 ዓ.ም. አረፉ። «ኦሮማይ» በ2017 ዓ.ም. በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ። ደራሲው ግን በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች።