ሜዳ ያጣው ክፍለ ጊዜ

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ የቶኪዮውን ኦሊምፒክ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ፈጸመ። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ሁለት ወር እንኳ አልሞላውም ነበር። ተመልካቹ አሁን ተዝለፍልፎ ይወድቃል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ወደ ሣሩ ገባና ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ጎንበስ ብሎ የእግሩን ጣቶች ነካ፤ በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹን ወደ ላይ አነሣና ፔዳል እንደሚመታ ሰው አሽከረከራቸው። ሁለተኛው ሯጭ የገባው ከአራት ደቂቃ በኋላ ነው። ወርቁን ሁላችንም እናነሣዋለን። እኔን የበለጠ የሚገርመኝ ግን ያ የሣር ላይ ልምምድ ነው፤ ማራቶኑን የሚደግመው ጥቂት ነው፣ ልምምዱን ግን ማንኛውም ተማሪ ይሠራዋል።

አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን ፊንላንድ ተወልዶ ስዊድን ያደገ ሰው ነው። በ1938 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ካዴቶችን አሠለጠነ፤ በትምህርት ሚኒስቴርም በሰውነት ማጎልመሻ ዘርፍ ሠርቷል። ያደገባት አገር ደግሞ ከትምህርት ቤት ጂምናስቲክ መነሻዎች አንዷ ናት። ፐር ሄንሪክ ሊንግ እ.ኤ.አ. በ1813 ስቶክሆልም ላይ የከፈተው ተቋም ያስፋፋው ዘዴ ብዙ መሣሪያ አይፈልግም፤ ልጆች ተሰልፈው በመምህሩ ትእዛዝ እጅ ይዘረጋሉ፣ ወገብ ያጥፋሉ፣ ትንፋሽ ይስባሉ። ዓላማው የእያንዳንዱን ተማሪ ሰውነት ማቅናትና ማጠንከር ነበር። እኛ ኒስካነንን የምናስታውሰው በሜዳሊያው ነው፤ ከኋላው የነበረውን ይህን ሐሳብ ግን ረስተነዋል።

በአገራችንም ቢሆን ስፖርት ሥር የሰደደው በትምህርት ቤት ግቢ ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ካፈራቸው አንዱ ይድነቃቸው ተሰማ ነው፤ ኋላ የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን እስከ ዕለተ ሞቱ የመራው ሰው። በቆጂን ደግሞ ተመልከቱ። ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። በእጁ ካለፉት ልጆች መካከል ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ይገኛሉ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። መነሻው ግን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ የሚሰጥ ትምህርት፣ ተማሪዎቹን ልብ ብሎ የሚያይ መምህርና ክፍት ሜዳ ነበር።

ሜዳ ስል ወደ አዲስ አበባው ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ልምጣ። ጀሞና ለቡ ኮንዶሚኒየም ሳይሞላቸው የእርሻ ማሳና የግጦሽ መሬት ነበሩ፤ የአካባቢው ልጅ ለመሮጥ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም ነበር። ዛሬ በክፍለ ከተማው ካሉት የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ ለመኖሪያ ተብለው በተሠሩ ቪላዎችና ፎቆች ውስጥ ናቸው። ግቢው በንጣፍ ድንጋይ ተለብጧል፤ በአንድ በኩል የሰርቪስ መኪና ቆሟል፣ በሌላው የውኃ ታንከር። ተማሪዎቹ ኤች ፒ ኢ የሚሉት የሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ቱታ የለበሱ ሃምሳ ልጆች ይወጣሉ፤ ያላቸው አንድ ኳስ ነው። ጉልበተኞቹ ወንዶች ኳሷን ይዘው መሐሉን ይይዙታል፤ ሴቶቹና ደካሞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ደወል ይጠብቃሉ። ዝናብ ከመጣ ደግሞ መምህሩ ክፍል ገብቶ የመረብ ኳስን ሕግ በጥቁር ሰሌዳ ያስገለብጣል። ትምህርቱ በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስለሌለ ወላጅም አይቆጭም፣ ርዕሰ መምህሩም አይጠየቅም። መምህሩን አልወቅስም፤ በዚያ ጥበት ከዚህ የተሻለ ልሥራ ቢል እንኳ መቆሚያ የለውም።

ሰፊ ሜዳ የማይፈልገው ዮጋ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሥሩ ጥንታዊ የህንድ ነው፤ ዛሬ በዓለም የተሰራጨው የአካል እንቅስቃሴ ግን ብዙውን መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ክሪሽናማቻርያ በማይሶር ቤተ መንግሥት ወጣቶችን ያስተምር ነበር። ማርክ ሲንግልተን የተባለ ተመራማሪ በእንግሊዞች በኩል ህንድ የገባው የስካንዲኔቪያ ጂምናስቲክ አሻራውን እንዳሳረፈበት ይከራከራል። ይህ እውነት ከሆነ የኒስካነን ልምምድና የማይሶሩ ዮጋ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤም በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ሰኔ 14ን ዓለም አቀፍ የዮጋ ቀን ብሎ ሰይሞታል።

ከእምነታችን ጋር ይጋጫል የሚሉ ወላጆች አሉ። ስጋታቸው መከበር አለበት፤ ትምህርት ቤቱም ጸሎት ነክ የሆነውን ትቶ ትንፋሽን፣ ሚዛንንና መተጣጠፍን ብቻ መውሰድ ይችላል። በአንድ እግር ቆሞ፣ ሌላውን እግር ጉልበት ሥር አሳርፎ፣ ዐይንን አንድ ነጥብ ላይ ተክሎ በቀስታ መተንፈስ ከዴስክ አጠገብ ይሠራል። ለልጆቻችንም እንግዳ አይሆንባቸውም። በጀሞ ብሎኮች መሐል በጠመኔ መስመር አስምራ ሰኞ ማክሰኞ የምትጫወት ልጅ ጠጠሯን ለማንሣት በአንድ እግሯ ጎንበስ ስትል ያንኑ ሚዛን እየተለማመደች ነው። አንገትና ትከሻ ማፍታታቱንም ከእስክስታ የበለጠ ማን ያስተምረናል?

ነገር ግን ዮጋ ለሜዳ ማጣት ማካካሻ ሆኖ እንዳይቀር እሰጋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ልብን የሚያስመታ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የ146 አገሮች ጥናቱ ደግሞ ከ11 እስከ 17 ዓመት ካሉት ውስጥ 81 በመቶዎቹ እዚያ እንደማይደርሱ አሳይቷል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በልጅነቱ ወደ ትምህርት ቤት 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ ነበር፤ የላፍቶ ተማሪ ከቤቱ በር እስከ ክፍሉ በር በሰርቪስ ይደርሳል። በአንድ ቦታ ቆሞ መተጣጠፍ ይህን ጉድለት አይሞላም፤ ልጅ መሮጥ አለበት።

በኅዳር 2011 ዓ.ም. የተጀመረው፣ መንገድን ለመኪና የሚዘጋው «መንገድ ለሰው» የተባለ ዝግጅት አስፋልቱን ለልጆች ከፍቶ አሳይቶናል፤ በወር አንድ እሑድ መሆኑ ብቻ ያንስ ነበር። ሰፋ ያለ ግቢ ያላቸው ብዙ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ግን ቅዳሜና እሑድ በራቸው ዝግ ነው። ክፍለ ከተማው በየወረዳው ተራ አውጥቶ፣ መምህር መድቦ፣ ለጥበቃው አበል አስቦ እነዚህን ሜዳዎች ግቢ ለሌላቸው ተማሪዎች ቢከፍት አዲስ መሬት መፈለግ አያስፈልገውም። ፈቃድ ሰጪው አካልም ለአዲስ ትምህርት ቤት ፈቃድ ሲሰጥ ክፍሎቹን ቆጥሮ እንደሚመለስ ሁሉ ልጆቹ የሚሮጡበትን ቦታ በሜትር ይለካ፤ ቦታው ከሌለ ፈቃዱ ይቆይ።