የልዑሉ አበቦችና የእናቶቻችን ጓሮ

ከቦሬ ወደ ነገሌ ቦረና የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ሁለት አገር ያያል። ቦሬ ከ2,700 ሜትር ከፍታ አካባቢ ናት። ሐምሌ ላይ ጉሙ ከእንሰት ቅጠል አይነሳም፣ ጋቢ ከትከሻ አይወርድም። አዶላን (አሁንም ክብረ መንግሥት የምትሉ አላችሁ፣ አውቃለሁ) አልፎ የዋደራን ጫካ ሲጨርስ ደግሞ ግራር፣ ቀይ አፈርና ግመል ይቀበሉታል።

የቀድሞ ተማሪዎቼ ታስታውሳላችሁ፤ "ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25" ብለን በቃል አጥንተናል። ደቡብ ላይ ግን ይሄ ቆጠራ አይሠራም። ቦረናና ጉጂ የራሳቸው አራት ወቅት አላቸው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ዋናው ዝናብ ገንና ነው። ከዚያ ቀዝቃዛውና ዳመናማው አዶሌሳ ይመጣል። ከመስከረም በኋላ ትንሹ ዝናብ ሐገያ፣ በመጨረሻም ደረቁ ቦና። ሰሜኑ ሰው አደይ አበባን ሲጠብቅ የሊበን ቆላ በገንና አብቦ ጨርሷል። ስለ "ክረምት አበባ" ስናወራ የየትኛው አገር ክረምት ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በቦሬ ጫካ ዳር የሚያብበውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነጩ ቀጋ አለ። ከአጥር ላይ የሚሳበውና ሽታው ከሩቅ የሚጠራው ጠምበለል አለ። ቢጫው አሜጃ አለ፣ በኦሮምኛ ጋራምባ የሚባለው፤ የሲዳማው ጋራምባ ተራራም ስሙን የሚጋራው ከእሱ ጋር ነው። ኮሶ ትንሽ ዘግይቶ፣ በጋው ሲገባ ይደርሳል፤ የሴቴው ዘለላ ቀላ ብሎ ይንጠለጠላል። ጉጂ ሄቶ ይለዋል።

እዚህ ላይ ኮሶን ያዙልኝ። ጄምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር ሰንብቶ ሲመለስ፣ ዛፉን በእንግሊዛዊው ወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ሊጠራው ፈለገ። ስሙ አልጸናም። ዛሬ የሳይንስ ስሙ ሃጌኒያ ነው፤ ካርል ሃገን ለተባለ የኮኒግስበርግ ፋርማሲስት መታሰቢያ ነው። ሰውየው አገራችንን ረግጦ አያውቅም። ትውልድ ሁሉ እያንገሸገሸው የጠጣው መድኃኒት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

ወደ እኛ አካባቢ ስንመጣ ታሪኩ ይብሳል፣ ይገርማልም።

እ.ኤ.አ. በ1892 መጨረሻ ኤውጄኒዮ ሩስፖሊ የተባለ ጣሊያናዊ ልዑል ከበርበራ ተነሳ። ገና 26 ዓመቱ ነበር። አባቱ ያን ጊዜ የሮም ከንቲባ ናቸው። ወቅቱ ከአድዋ ሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ቦቴጎም በዚያው ሰሞን የጁባን ወንዝ ምንጭ እየፈለገ በአካባቢው ነበር። ለአበባ ብቻ የመጣ ሰው እንደሌለ መቼም ይገባችኋል፤ ካርታ ከአበባው ጋር አብሮ ይሳል ነበር። ሆኖም ሩስፖሊ ዶሜኒኮ ሪቫ የሚባል ዕፅዋት ሰብሳቢ ይዞ ነበር። መንገዳቸው ኦጋዴንን አቋርጦ፣ ገናሌንና ዳዋን ይዞ፣ በቦረና ምድር ወደ ቡርጂ ነው። የቆላ መንገድ ነው፤ የቦሬ ጉም በስተሰሜን ቀርቶባቸዋል።

ዕፅ መሰብሰብ ቀላል ይመስላል እንጂ አድካሚ ነው። አበባው ከነቅጠሉ ወረቀት መካከል ይጋደማል፣ ይጫናል፤ እንዳይሻግት ወረቀቱ በየጊዜው ይለወጣል። ይህንን ሁሉ ወረቀት በግመል ጭኖ ያን ቆላ ማቋረጥ ምን ማለት እንደሆነ የነገሌን ጸሐይ የሚያውቅ ይገምተው። ስብስቡ ዛሬም ፍሎረንስ አለ።

ልዑሉ ግን አልተመለሰም። በዲሴምበር 1893 ቡርጂ አጠገብ ዝሆን ገደለው። ከንብረቱ መካከል የአንዲት ወፍ ቆዳ ተገኘ፤ ከየት እንደተያዘች የሚናገር ማስታወሻ የለውም። ሳልቫዶሪ የሚባለው ጣሊያናዊ ምሁር በ1896 በልዑሉ ስም ሰየማት። ከዚያ በኋላ ወፏን በሕይወት ያየ ተመራማሪ ለአርባ ዓመት ያህል ጠፋ፤ በ1940ዎቹ ነው አሬሮ ጫካ ውስጥ የተገኘችው። ነጭ ጉትያ አላት፣ ክንፏን ስትዘረጋ ውስጡ ደም ይመስላል። "ጠፋች" የተባለችው እንግዲህ ለማን ነው? የአሬሮ ከብት ጠባቂ በየቀኑ ያያት ነበር።

አበቦቹም እንደዚሁ ሆኑ። ቢጫ የምታብበው የቆላ እሬት አሎ ሩስፖሊያና ተባለች። ሌላዋ እሬት አሎ ሪቫዬ ሆነች። በሞቃት አገር የከተማ አትክልት ቦታ ለጌጥ የሚተክሉት ሩስፖሊያ የሚባል ቀይ አበባ አለ፤ እሱም ከዚሁ ልዑል ነው። ቡና ስናፈላ የምናጨሰው የኦጋዴን ዕጣን ዛፍ ደግሞ ቦስዌሊያ ሪቫዬ ነው። ሐምሌ ላይ ቦሬ ውስጥ እሳት ዳር ተቀምጠን ሦስተኛውን ስኒ ስንጠብቅ፣ የሪቫ ስም በጭስ መልክ ቤቱን ይዞራል ማለት ነው!

ፈረንጅን ለመውቀስ አይደለም የምጽፈው። የጻፈ ሰየመ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። ከእነሱም የተለያየ ዓይነት ነበር። ሺምፐር የሚባለው ጀርመናዊ ትግራይ ገብቶ ዕድሜውን ሙሉ ዕፅ ሲሰበስብ ኖረ፣ በ1878 አድዋ ሞተ። ግን ወስዶ ብቻ አልቀረም፤ ድንችን በ1858 ወደ አገራችን ያስገባ እሱ ነው ይባላል። ዛሬ የቦሬ ድንች ስንት ቤት እንደያዘ አስቡት። የኛም ምሁራን ቆይተውም ቢሆን ደርሰዋል፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ጥራዞች በ1980 ተጀምረው በ2009 ተጠናቀዋል፣ ሰብሳቢው ጠይቆ በጻፈበት ቦታ የአማርኛና የኦሮምኛ ስም አብሮ ታትሟል። ካልጠየቀስ?

እኔን የሚያሳስበኝ ሁለተኛው መዝገብ ነው፤ ጓሮው። የቦሬ እናት የምታሳድገው እንሰት፣ በኦሮምኛ ወርቄ፣ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ለቡላ ይመረጣል፣ ሌላው ለአምቾ፣ ሌላው ለቃጫ፣ አንዳንዱ ለተሰበረ አጥንት። ሁሉም ስም አለው። አተካከሉን ያየ ያውቃል፤ የእናቲቱ አምቾ መሃሉ ተፈልቅቆ ይቀበራል፣ ከአንዱ ብዙ ችግኝ ይወጣል፣ ችግኙ ከቦታ ቦታ እየተዛወረ ለዓመታት ያድጋል። ችግኝ ለጎረቤት ሲሰጥ ስሙም አብሮ ይሰጣል። ወረቀት የለ፣ መጫኛ የለ፤ መዝገቡ እጅና አፍ ነው። እና "የገጠር ኑሮ መዝናኛ ነው" ለምትሉኝ የአዲስ አበባ ወዳጆቼ፤ አበባ ለማየት ጊዜ የነበረው ልዑሉ ነው። ጓሮ ያለው ሰው አበባውን የሚያየው ጎንበስ እንዳለ ነው።

ይህ መዝገብ አሁን እየሳሳ ነው። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ (ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ በ1968 በሳይንስ መዝግበውታል) የገባበት ጓሮ የተመረጠ ዘር ይዞ ይጠፋል። ቶሎ ገንዘብ ስለሚሆን ባሕር ዛፉ ቦታውን ይይዛል፤ የአጥሩ ጠምበለል አብሮ ይመነጠራል። ልጆቹ ደግሞ ከተማ ገብተው ሁሉንም "አበባ" ይሉታል። የጠፋውን የእንሰት ዘር ፍሎረንስ ሄደን አናገኘውም፤ ሪቫ በዚህ በኩል አላለፈም።

ስለዚህ የቦሬ፣ የአዶላ፣ የዋደራና የነገሌ ልጆች፣ ለመስከረም ቤተሰብ ስትጠይቁ እናቶቻችሁን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። በጓሯቸው ያለውን ወርቄ በየስሙ፣ ከማን ችግኝ እንደመጣ ጭምር። በጉጂኛ እንደሚሉት ጻፉት፣ አማርኛ አታድርጉት። ከጫካው ዳር ደግሞ ጫፉ እንደ ችቦ የሚነድ፣ ከላይ ቀይ ከሥር ቢጫ የሆነ ረጅም አበባ አለ። የእሱን ስም አካባቢው ሰው ምን እንደሚለው የነገረኝ መጀመሪያ ቡና ይጠጣል፣ በእኔ ሒሳብ።