የማይታየው ጉልበት፦ የሞተር የታችኛው ክፍል ከሴቼንቶ እስከ ላዳ

ከማክሰኝት ተነሥቶ በፀዳና በአዘዞ በኩል ወደ ጎንደር የሚጓዝ መኪና ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ በሆነ ከፍታ ላይ ይሄዳል። ደባርቅ ሲደርስ ከፍታው ከ2,800 ሜትር ይበልጣል፤ ከዚያ ወዲያ የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ይጠብቀዋል። በጎንደር ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው አራት አምስተኛ ያህል በመሆኑ፥ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አንድ አምስተኛ ገደማ ያጣል። ሾፌሩም የጎደለውን ለማካካስ ማርሽ ቀንሶ ሞተሩን በከፍተኛ ፍጥነት ያዞረዋል።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ስስ አየር የቃጠሎውን ግፊት ቢቀንስም የፒስተኑን ክብደት አይቀንስም። ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን ለማቆምና ለመመለስ የሚያስፈልገው ኃይል ከዙሪት ፍጥነት ካሬ ጋር ያድጋል። ለምሳሌ ያህል፥ በደቂቃ 4,800 ጊዜ የሚዞር ሞተር 7,200 ጊዜ እንዲዞር ቢደረግ ፍጥነቱ በግማሽ ሲጨምር ጫናው 2.25 እጥፍ ይሆናል። ይህንንም ሁሉ የሚሸከሙት ከዓይን የተሰወሩት የታችኛው ክፍል አካላት፥ ይኸውም ክራንክ ሻፍቱ፥ ቢየላዎቹ፥ ብሮንዚናዎቹና ብሎኖቻቸው ናቸው።

ይህ ችግር በመኪና ውድድር ዓለም ቀደም ብሎ ታውቋል፤ ለኢትዮጵያውያን የቅርብ ምስክሩም ፊያት 600 ነው። ዳንቴ ጃኮዛ የነደፈውና እ.ኤ.አ. በ1955 ለገበያ የቀረበው ይህ ትንሽ መኪና፥ ሴቼንቶ በሚል ስም በአዲስ አበባ ታክሲነት ዘመናትን አገልግሏል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ክራንክ ሻፍቱን የሚደግፈው በሦስት ቦታ ብቻ ነበር፤ በመጠነኛ ፍጥነት ለሚሠራ ሞተርም ይህ በቂ ነበር።

በቶሪኖ ይሠራ የነበረው ካርሎ አባርት ግን ይህንኑ ሞተር ለውድድር አበቃው። የሞተሩን መጠን ከ767 ሴንቲ ሜትር ኩብ በመጀመሪያ ወደ 847፥ ኋላም ወደ 982 ሲያሳድግ የፒስተኑ ምልልስ ከ63.5 ሚሊ ሜትር ወደ 69፥ ቀጥሎም ወደ 74 ረዘመ። ምልልስ በረዘመ ቁጥር የክራንክ ሻፍቱ ክንድ ይረዝማል፤ የዋናው አንገትና የቢየላው አንገት መደራረብም ስለሚቀንስ ሻፍቱ ለመጠምዘዝ ይጋለጣል። ስለዚህ አባርት በአዲስ ክራንክ ሻፍት መሥራት ነበረበት፤ ዘይቱም እንዳይግል ክንፍ ያለው ሰፊ የአሉሚኒየም የዘይት ገንዳ ከሥር አኖረ።

ይሁንና የሦስት ድጋፍ ወሰን ቅርብ ነው። በሁለት ድጋፎች መካከል ሁለት ፒስተኖች ሲገፉት ሻፍቱ በከፍተኛ ፍጥነት ይለመጣል፤ በለመጠም ጊዜ ከብሮንዚናው የሚለየው ስስ የዘይት ሽፋን ይቀደዳል። ከዚህም የተነሣ በ1960ዎቹ ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ፒስተን በግራና በቀኝ ድጋፍ ማቆም፥ ማለትም ወደ አምስት ድጋፍ መሻገር ያዙ። የእንግሊዝ ፎርድ በ1,500 ሴንቲ ሜትር ኩቡ የኮርቲና ሞተር፥ ኤም ጂ ቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1964 ይህንኑ አደረጉ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የፊያት 124 ሞተርም አምስት ድጋፍ ነበረው፤ ነዳፊው ኦሬሊዮ ላምፕሬዲ ቀደም ሲል የፌራሪን የውድድር ሞተሮች የነደፈ ሰው ነበር።

በዚያው ዓመት ፊያት ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተዋዋለው መሠረት እ.ኤ.አ. በ1970 በቶሊያቲ ከተማ የተመረተው መኪና፥ በኋላ ላዳ በሚል ስም አገራችን ገባ። ለዚህ መኪና በተሠራው ሞተር ካምሻፍቱ ወደ ቴስታታው ወጣ፤ ምልልሱም ከ71.5 ወደ 66 ሚሊ ሜትር አጠረ፤ አምስቱ ድጋፎች ግን እንደነበሩ ቆዩ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለአሥርተ ዓመታት በታክሲነት የተመላለሰው ላዳ፥ በውድድር የተገኘውን ይህን ትምህርት በሆዱ ይዞ ነበር ማለት ይቻላል።

የዚህ ታሪክ ፋይዳ ለዛሬው የጥገና ባለሙያ ነው። የላዳ ክራንክ ሻፍት ሲያልቅ በ0.25 ሚሊ ሜትር እርከን እስከ 1 ሚሊ ሜትር ድረስ ተሞርዶ ወፍራም ብሮንዚና ይገባለታል። 47.8 ሚሊ ሜትር የሆነ የቢየላ አንገት 1 ሚሊ ሜትር ቢቀነስለት የመለመጥ ብርታቱ የሚጎድለው 6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። አደጋው ያለው ከሌላ ቦታ ነው፤ አንገቱ ከክንዱ ጋር የሚገናኝበት ክብ ማዕዘን በሞረዱ ስለት ሹል ሆኖ ከቀረ ጭነቱ በዚያች ጠባብ ቦታ ይከማችና ስንጥቅ ይወልዳል። ስንጥቁም ሳይታይ አድጎ አንድ ቀን ሻፍቱን ይሰብራል።

እንግዲህ ካርቡራተር አስፍቶና ቴስታታ አስልሶ ሞተር አበረታሁ የሚል ባለሙያ አስቀድሞ ከታች ያለውን ሊመረምር ይገባዋል፤ ማዕዘኑን መለካት፥ የዘይት ቀዳዳዎቹን ማጽዳት፥ የቢየላ ብሎኖችን በተወሰነላቸው ኃይል ማሰር። ይህ ሥራ ለደንበኛ አይታይም፤ ዋጋውንም ለማስረዳት ያስቸግራል። ነገር ግን በሊማሊሞ ዳገት ላይ ሰው ጭኖ የሚወጣው መኪና የሚተማመነው በዚሁ በማይታየው ሥራ ነው።